ደብዳቤው ከቡናው ሲቀድም፦ የማኅደረ ትውስታ ቅደም ተከተልና የጂት ኮምፓይለሮች

ስለ ኮምፒዩተር ልንነጋገር ተነሥተን ነገራችንን ከጎሬ ብንጀምር እንዳትደነቁ። ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ለኢሉባቦር ቡና በምዕራብ በኩል አዲስ በር ተከፈተለት። ቡናው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከምትገኘው ከጎሬ ተነሥቶ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ቡሬን አልፎ፣ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ወደ ቆላማዋ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጭነውት ይሄዱ ነበር። ወንዙ ሲጎድል ግን መርከብ አይኖርም ነበር። ስለዚህ ለጎሬ ነጋዴ ቡናው መድረሱ ብቻ ሳይሆን፣ የመድረሱ ወሬ በትክክለኛው ሰዓት መሰማቱም ትልቅ ጉዳይ ነበር።

እስቲ አንድ የጎሬ ነጋዴ በሐሳባችን እንፍጠር። ነጋዴው በመጀመሪያ ቡናውን በበቅሎ ጭኖ ይልካል። በማግሥቱ «ቡናው መጋዘን ገብቷል፤ ከመርከቡ ጋር ተዋዋል» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ጭነት በሌለው ፈጣን መልእክተኛ ወደ ጋምቤላ ወኪሉ ይልካል። መልእክተኛው በአቋራጭ ተጉዞ ከበቅሎዎቹ ቀድሞ ይደርሳል። ወኪሉ ደብዳቤውን አምኖ ከመርከቡ ጋር ተዋውሎ መጋዘኑን ሲከፍት ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ነጋዴው ቡናውን አስቀድሞ፣ ደብዳቤውን አስከትሎ ልኳል። የሳተው ነገሮች የተላኩበት ቅደም ተከተል የሚደርሱበትም ቅደም ተከተል ነው ብሎ በማመኑ ነው።

ጥፋቱ በተቀባዩም በኩል ሊመጣ ይችላል። ወኪሉ ጧት መጋዘኑን አይቶ ባዶ ያገኘዋል፤ ቀትር ላይ ቡናው ይገባል፤ ማታ ደብዳቤው ይደርሳል። ወኪሉ ዳግመኛ መጋዘኑን ሳያይ ጧት ባየው ተማምኖ «ደብዳቤው ሐሰት ነው» ቢል፣ ላኪው ምንም ሳያጠፋ ንግዱ ይበላሻል። ስለሆነም ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ መጠበቅ አለበት ማለት ነው። ዛሬ በመቱ ገበያ በነጋዴዎች እጅ በምናየው ስልክ ውስጥ ይኸው ጉዳይ በየሰከንዱ እልፍ ጊዜ ይፈጸማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

በስልኩ ውስጥ ያሉት ጎሬና ጋምቤላ

የዘመኑ ስልክ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር አንድ አይደለም፤ ኮር የሚባሉ ራሳቸውን ችለው የሚያሰሉ ብዙ ክፍሎች አሉት። ስምንት ኮር ያለው ስልክ ዛሬ ብርቅ አይደለም። አንድ ፕሮግራምም ትሬድ በሚባሉ፣ ጎን ለጎን በሚሄዱ የሥራ ፈትሎች ተከፍሎ በእነዚህ ኮሮች ላይ ሊሠራ ይችላል። ትሬዶቹ የሚገናኙት በጋራ በሚጠቀሙበት ማኅደረ ትውስታ በኩል ነው፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል።

ኮሮቹ እጅግ ፈጣኖች ናቸው፤ ማኅደረ ትውስታው ግን በንጽጽር ዘገምተኛ ነው። አንድ ኮር አንድ ቁጥር በጻፈ ቁጥር ጽሑፉ ማኅደረ ትውስታው ዘንድ እስኪደርስ ቆሞ ቢጠብቅ፣ ጊዜውን ሁሉ በመጠበቅ ይጨርስ ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ለእያንዳንዱ ኮር የጽሑፍ ማቆያ ሠሩለት። ኮሩ የጻፈውን በዚህ ማቆያ ውስጥ አኑሮ ወደ ቀጣዩ ሥራ ያልፋል፤ ጽሑፉም ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይደርሳል። እንዲሁም በቅርብ ያሉ መረጃዎች ካሽ በሚባል ፈጣን ጊዜያዊ ግምጃ ቤት ይቀመጣሉ፤ ኮሩም ወደፊት የሚያስፈልገውን መረጃ ተራው ሳይደርስ አስቀድሞ ያነባል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ለፍጥነት ሲባል ነው። ውጤቱ ግን አንድ ኮር በቅደም ተከተል የፈጸመው ሥራ ለሌላው ኮር በተዘበራረቀ ቅደም ተከተል ሊታየው መቻሉ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ተማሪ በያዮ ወይም በሁሩሙ አካባቢ ላለ የቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር የቡና መረከቢያ ፕሮግራም ይጽፋል እንበል። አንደኛው ትሬድ ከሚዛኑ የተነበበውን ክብደት እንዲህ ይመዘግባል፦

ክብደት = 30
ተመዝግቧል = እውነት

ሁለተኛው ትሬድ ደግሞ ክፍያውን ለማስላት እንዲህ ያደርጋል፦

ተመዝግቧል እውነት እስኪሆን ጠብቅ
ክብደትን አንብብ

እዚህ ላይ ክብደቱ ቡናው ነው፤ «ተመዝግቧል» የሚለው ምልክት ደግሞ ደብዳቤው ነው። ምልክቱ ከክብደቱ ቀድሞ ቢደርስ፣ ሁለተኛው ትሬድ ባዶውን መጋዘን ይከፍታል፤ ማለትም ዜሮ ወይም ከፊተኛው ገበሬ የቀረውን ክብደት አንብቦ በዚያ ክፍያ ያሰላል። ፕሮግራሙ አይቆምም፤ የስሕተት መልእክትም አያወጣም። ስሕተቱ የሚታየው በገበሬው ደረሰኝ ላይ ብቻ ነው።

ሁሉም ፕሮሰሰር እኩል ጠባይ የለውም

ከላይ የተባለው ችግር በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ በእኩል መጠን አይከሰትም። በብዙዎቹ የጠረጴዛና የላፕቶፕ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚገኙት ኢንቴልና ኤኤምዲ የሚሠሯቸው የኤክስ86 ፕሮሰሰሮች በዚህ ረገድ ጥብቆች ናቸው። አንድ ኮር የጻፋቸው ነገሮች ለሌሎቹ የሚታዩት በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው፤ ንባቦችም እርስ በርሳቸው አይቀዳደሙም። የሚፈቀደው ልዩነት፣ አንድ ጽሑፍ ገና በማቆያው ውስጥ ሳለ ከእሱ በኋላ ያለ የሌላ ቦታ ንባብ ቀድሞ መፈጸሙ ነው። ስለሆነም የቡናውና የደብዳቤው ምሳሌያችን በኤክስ86 ማሽን ላይ ሳይፋለስ ይሄዳል።

በስልኮች ውስጥ የሚገኙት የአርም ፕሮሰሰሮች ግን ልል ሥርዐት አላቸው። በግልጽ ካልታዘዙ በቀር ሁለት የተለያዩ ጽሑፎችን ወይም ሁለት የተለያዩ ንባቦችን ቅደም ተከተል ለመጠበቅ ቃል አይገቡም። ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ፕሮሰሰሩን ቀላልና ኃይል ቆጣቢ አድርጎ ለመሥራት ሰፊ ነጻነት መኖሩ ነው።

የዚህ ልዩነት ክብደት በተግባር የታየበት አንድ ምሳሌ እነሆ። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮምፒዩተሮቹን ከኢንቴል ወደ ራሱ ኤም1 ወደተባለው የአርም ፕሮሰሰር ሲያዛውር፣ ለኢንቴል የተጻፉትን ፕሮግራሞች ሮዜታ 2 በተባለ ተርጓሚ አማካይነት እንዲሠሩ አደረገ። ነገር ግን እነዚያ ፕሮግራሞች ሳያውቁት በኤክስ86 ጥብቅ ቅደም ተከተል ላይ የተደገፉ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ሲታዘዝ የኤክስ86ን ሥርዐት እንዲከተል የሚያስችል ማብሪያ በውስጡ ተበጀለት።

እንግዲህ የመቱው ተማሪያችን ፕሮግራሙን ጽፎ የሚሞክረው በላፕቶፑ ላይ ነው፤ ማኅበሩ የሚጠቀምበት ደግሞ በስልክ ነው። በላፕቶፑ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ያለ እንከን የሄደው ፕሮግራም፣ በስልኩ ላይ የሳተ መዝገብ ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው።

የማይከፈል ሥራ

ከቅደም ተከተል ጋር የሚዛመድ ሌላም ጉዳይ አለ። በአንድ መጋዘን ሁለት መዝጋቢዎች በአንድ የሒሳብ መዝገብ ይሠራሉ እንበል። መዝገቡ 500 ፈረሱላ ይላል። አንደኛው 30፣ ሁለተኛው 20 ፈረሱላ በተመሳሳይ ሰዓት ይረከባሉ። ሁለቱም መዝገቡን አይተው 500ን በልባቸው ይይዛሉ። አንደኛው ደምሮ 530 ይጽፋል፤ ሁለተኛው በፊናው ደምሮ በዚያው ቦታ ላይ 520 ይጽፋል። ሊሆን የሚገባው 550 ነበር፤ 30 ፈረሱላ ግን የደረሰበት ሳይታወቅ ጠፋ። በኮምፒዩተር ውስጥም «አንድ ጨምር» የሚለው ተራ ትእዛዝ ማንበብ፣ መደመርና መጻፍ የተባሉ ሦስት ሥራዎችን የያዘ በመሆኑ፣ በመካከሉ ሌላ ትሬድ ሊገባበት ይችላል።

መፍትሔው አቶሚክ የሚባለው ሥራ ነው። አቶም የሚለው ቃል በግሪክኛ የማይቆረጥ፣ የማይከፈል ማለት ነው። አቶሚክ ሥራ ለሌሎቹ ኮሮች የሚታየው ወይ ሙሉ በሙሉ ተፈጽሞ፣ ወይ ጨርሶ ሳይጀመር ነው፤ ግማሹ አይታይም። ኤክስ86 ይህን በአንድ የተቆለፈ ትእዛዝ ይፈጽማል። የቀደሙት የአርም ፕሮሰሰሮች ግን የተለየ ዘዴ ነበራቸው፤ ይኸውም ቁጥሩን «እየተጠባበቅኩህ ነው» ብለው ያነባሉ፣ ይደምራሉ፣ ከዚያም በመካከሉ ማንም ካልነካው ብቻ ይጽፋሉ፤ ከተነካ እንደገና ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ በሆነው የአርም ቪ8.1 ደንብ ደግሞ ሥራው በአንድ ትእዛዝ እንዲፈጸም ተደረገ።

ጂት ኮምፓይለር ምንድን ነው?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ፕሮሰሰሩ ነው። ነገር ግን ፕሮግራመሩ በጻፈውና ፕሮሰሰሩ በሚፈጽመው መካከል ሌላ ባለሙያ ቆሟል፤ እርሱም ኮምፓይለር፣ ማለትም የፕሮግራም ተርጓሚ ነው። በጃቫ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም አስቀድሞ ባይትኮድ ወደተባለ መካከለኛ ቋንቋ ይለወጣል። ይህንን ባይትኮድ በሁለት መንገድ ማሠራት ይቻላል። አንደኛው በጉባኤ ላይ እንደሚቆም አስተርጓሚ አንድ በአንድ እያነበቡ መፈጸም ነው፤ ይህም ወዲያው የሚጀምር ግን አዝጋሚ ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ እንደሚተረጉም ሊቅ ሙሉውን ወደ ማሽን ቋንቋ መመለስ ነው፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል፣ ውጤቱ ግን ፈጣን ነው።

ጂት ኮምፓይለር ሁለቱን ያጣምራል። ፕሮግራሙ ሲጀምር አስተርጓሚው ይሠራል፤ በጎን ግን የትኛው ክፍል ብዙ ጊዜ እንደሚደጋገም ይቆጠራል። በብዛት የሚደጋገመው ክፍል ተለይቶ፣ ፕሮግራሙ በመሄድ ላይ እንዳለ ወደ ማሽን ቋንቋ ይተረጎማል። የጃቫው ሆትስፖት እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሲሆን ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ብዙ ሥራ ያለበትን «ትኩስ ቦታ» ከመፈለጉ ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ጂት እ.ኤ.አ. በ2010 በ2.2 እትም ገባ፤ በ2014 የወጣው 5.0 እትም ፕሮግራሙን በሚጫንበት ጊዜ አስቀድሞ ወደ መተርጎም ዞረ፤ በ2016 በወጣው 7.0 እትም ደግሞ ጂት ተመልሶ ሁለቱ ዘዴዎች ተደጋግፈው መሥራት ጀመሩ።

ተርጓሚው ሲያሻሽል የሚፈጠር ችግር

ጂት ኮምፓይለር እንዳለ ብቻ አይተረጉምም፤ ያሻሽላልም። የማያስፈልገውን ይሰርዛል፣ የተደጋገመውን ያጣምራል፣ ቅደም ተከተሉንም ይለዋውጣል። የሚጠብቀው ሕግ አንድ ነው፦ ፕሮግራሙ በአንድ ትሬድ ብቻ ቢሠራ ኖሮ የሚሰጠው ውጤት መለወጥ የለበትም። ሌላ ትሬድ መኖሩን ግን ካልነገሩት አያስብም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። «ተመዝግቧል እውነት እስኪሆን ጠብቅ» የሚለውን መስመር ጂት ሲያየው፣ በዚያ ዙር ውስጥ ምልክቱን የሚለውጥ ምንም ትእዛዝ አያገኝም። ስለዚህ «በየዙሩ ለምን ደጋግሜ አነበዋለሁ? አንድ ጊዜ ላንብበውና በእሱ ልሥራ» ብሎ ንባቡን ከዙሩ ውጭ ያወጣዋል። ምልክቱ ያን ጊዜ ሐሰት ከነበረ ትሬዱ ለዘላለም ይጠብቃል። ይህ ማለት መጋዘኑን ጧት አይቶ ዳግመኛ የማያየው የጋምቤላ ወኪል በተርጓሚው ውስጥ ተወለደ ማለት ነው። ጥብቅ በሆነው በኤክስ86 ላይም ቢሆን ይህ ስሕተት ይከሰታል፤ ምክንያቱም ንባቡ ለፕሮሰሰሩ ጨርሶ አልደረሰውም።

የበለጠ አሳሳች የሚያደርገው ደግሞ የሚከሰትበት ጊዜ ነው። ተማሪው ፕሮግራሙን ለአጭር ጊዜ ሲሞክረው የሚሠራው አስተርጓሚው ነው፤ አስተርጓሚው ደግሞ በየዙሩ ያነባል። ስሕተቱ የሚመጣው ክፍሉ ብዙ ተደጋግሞ ከተተረጎመ በኋላ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቡና በማይለቀምበት ወቅት ደኅና ሰንብቶ፣ ገበሬው በተሰለፈበት በሥራ ብዛት ሰዓት ሊሳሳት ይችላል።

የጂት የራሱ ደብዳቤ

ጂት ኮምፓይለር የሌሎችን ቅደም ተከተል ከመጠበቅ አልፎ የራሱንም መጠበቅ አለበት። አዲስ የተረጎመውን የማሽን ቋንቋ በማኅደረ ትውስታ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያም «ከእንግዲህ አዲሱን ትርጉም ተጠቀሙ» ብሎ የመግቢያውን አድራሻ ይለውጣል። ትርጉሙ ቡና፣ አድራሻው ደብዳቤ ነው። ሌላው ኮር አዲሱን አድራሻ አይቶ ትርጉሙ ገና ሳይደርስ ወደዚያ ቢዘል፣ ትርጉም የሌለው ትእዛዝ ይፈጽማል፤ ፕሮግራሙም ይወድቃል።

በአርም ላይ ጉዳዩ አንድ ደረጃ ይጨምራል። እያንዳንዱ ኮር ለመረጃ አንድ ካሽ፣ ለትእዛዝ ሌላ ካሽ አለው፤ ሁለቱ በራሳቸው ላይስማሙ ይችላሉ። ስለዚህ ጂት የጻፈውን ከመረጃው ካሽ አውጥቶ፣ በትእዛዙ ካሽ ያለውን አሮጌ ቅጂ ሰርዞ፣ ይህ ሁሉ መፈጸሙን በአጥር ትእዛዝ አረጋግጦ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አድራሻውን ይገልጣል። በኤክስ86 ላይ የካሾቹን ስምምነት ሃርድዌሩ ራሱ ይጠብቃል።

ሕጉ እንዴት ተደነገገ?

ሌዝሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1979 ባለብዙ ፕሮሰሰር ኮምፒዩተር ሊጠበቅበት የሚገባውን ሥርዐት በአጭሩ ገለጸ፤ የሁሉም ፕሮሰሰሮች ሥራ በአንድ ሰልፍ ላይ የተፈጸመ መምሰል አለበት፣ የእያንዳንዱም ሥራ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ፕሮግራሙ ያዘዘውን ተራ መጠበቅ አለበት። ይህ ለሰው አእምሮ የሚስማማ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ይከበር ቢባል ፍጥነትን ይጎዳል።

ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ለዚህ ጉዳይ በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ ካላቸው ቀዳሚ ቋንቋዎች አንዱ ነበረ። ሆኖም ዊሊያም ፒው እ.ኤ.አ. በ1999 ደንቡ የተለመዱ ማሻሻያዎችን የሚከለክል፣ ፕሮግራመሮች የሚተማመኑበትን ደግሞ የማይጠብቅ መሆኑን አሳየ። ከብዙ ውይይት በኋላ የተሻሻለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃቫ 5 ጋር ወጣ። የሲ እና የሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋዎችም በ2011 የየራሳቸውን ደንብ አወጡ።

የአዲሱ ደንብ መንፈስ እንደ ውል ነው። ፕሮግራመሩ በትሬዶች መካከል የሚጋራውን ነገር በግልጽ ካሳወቀ፣ ጂትና ፕሮሰሰሩ ተባብረው የላምፖርትን ሥርዐት ይጠብቁለታል። ካላሳወቀ ግን ዋስትና የለውም። በጃቫ ማሳወቂያው ለምሳሌ ቮላታይል የሚለው ቃል ነው። «ተመዝግቧል» ቮላታይል ከተባለ፣ ጂት በየዙሩ ያነበዋል፤ በአዲሶቹ የአርም ፕሮሰሰሮችም ላይ ሁለት ልዩ ትእዛዞችን ይጠቀማል። የመጀመሪያው የማስረከብ ጽሑፍ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት የተጻፈው ሁሉ ሳይታይ እርሱ አይታይም። ሁለተኛው የመረከብ ንባብ ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ ያለው ንባብ ሊቀድመው አይችልም። በጎሬ አነጋገር ለመልእክተኛው «ቡናው መጋዘን መግባቱን ሳታይ ደብዳቤውን አትስጥ»፣ ለወኪሉም «ደብዳቤውን ካነበብክ በኋላ መጋዘኑን እይ» እንደ ማለት ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቮላታይል የሚጠብቀው ቅደም ተከተልን እንጂ አለመከፈልን አይደለም። ሁለቱ መዝጋቢዎች በቮላታይል ቁጥር ላይ ቢደምሩም 30 ፈረሱላው ይጠፋል። ለመደመር አቶሚክ የተባሉትን መሣሪያዎች፣ ወይም በተራ የሚያስገባ ቁልፍ መጠቀም ይገባል። እዚህ ላይ ጂት አንድ ብልጫ አለው። የሚተረጉመው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ስልክ ላይ ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩ አዲሱን የአንድ ትእዛዝ ድምር የሚያውቅ ከሆነ ይህንኑ፣ የማያውቅ ከሆነ የቀድሞውን ዘዴ መርጦ ይጽፋል።

ለወጣት ባለሙያዎች

በመቱም ሆነ በበደሌ ወይም በጎሬ ለአካባቢያቸው ሕዝብ ፕሮግራም ለሚጽፉ ወጣቶች ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮችን እንመክራለን። አንደኛ፣ ትሬዶች የሚጋሩትን ነገር በተቻለ መጠን ማሳነስ ነው፤ ያልተጋራ ነገር አይፋለስም። ሁለተኛ፣ የሚጋራውን ሁሉ በቋንቋው ደንብ መሠረት በግልጽ ማሳወቅ ነው። ከሁሉ በፊት ቁልፍን መጠቀም ይመረጣል፤ ዝግ ቢል እንኳ ለመረዳት ቀላል ነውና። ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙን ሕዝቡ በሚጠቀምበት ዓይነት ስልክ ላይ፣ ረዘም ላለ ጊዜና በብዙ ሥራ መፈተን ነው። ለጃቫ እንዲህ ያለውን ፈተና ሆን ብሎ የሚያጠብቅ ጄሲስትረስ የተባለ መሣሪያ በኦፕን ጄዲኬ ፕሮጀክት ተዘጋጅቷል።

ነገር ግን ፈተና ስሕተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን ሊያረጋግጥ አይችልም። ሺህ ጊዜ ደኅና የሄደ ፕሮግራም፣ የተረጎመው ጂት ሲታደስ ወይም ማኅበሩ አዲስ ስልክ ሲገዛ በሺህ አንደኛው ሊስት ይችላል። አስተማማኙ ነገር፣ ይህ ጽሑፍ ከዚያ ንባብ በፊት መታየቱን የሚያስገድደው የትኛው ደንብ እንደሆነ በወረቀት ላይ ጽፎ ማስረዳት መቻል ነው። ማስረዳት ያልተቻለበት ቦታ ካለ፣ ስሕተቱ ገና አልታየ ይሆናል እንጂ ፕሮግራሙ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ቡናውን ከጫካ ለቅሞ፣ ተሸክሞ፣ በሚዛን ፊት ተሰልፎ ደረሰኙን የሚቀበለው ገበሬ ስለ ካሽም ሆነ ስለ ጂት ማወቅ አይጠበቅበትም። በደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር የራሱ ቡና ቁጥር እንዲሆን ማድረግ የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ነው።